በልቻለሁ ባዩ ቁስለኛ

በስድስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በጋሽ ኢዮስያስ ወጥ ቤት ግድግዳ ውስጥ የተገጠመው መጋቢ በሩን ከፈተ። ትሪው ላይ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ የጉበት ጥብስ፣ የተላጠ ብርቱካንና አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ነበር።

«እንደምን አደሩ» አለ መጋቢው። «ቁርስ ቀርቧል። ይመገባሉ ወይስ በልተዋል?»

«በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ ጋሽ ኢዮስያስ፣ ዓይኑን ከጉበቱ ላይ ሳይነቅል።

«እንደ በሉ ተመዝግቧል። መልካም ማገገም።»

በሩ ተዘጋ። ትሪው በመጣበት ቱቦ ተመልሶ ሲወርድ የሹካው ኳኳታ ከግድግዳው ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ተሰማና ጠፋ። ጋሽ ኢዮስያስ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ስድስት ቀን ሙሉ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ እዚያው ቆሞ አንድ ነገር ሲጠብቅ ከርሟል። «ኧረ ትንሽ ይቅመሱ» እስኪባል ነው የሚጠብቀው። መጋቢው ደግሞ ከተሠራ ጀምሮ ማንንም ለምኖ አያውቅም።

ዘመኑ 2083 ዓ.ም. ነው፤ ከተማው ደብረ ብርሃን። ጋሽ ኢዮስያስ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ ዕድሜውን አይጠይቅም፤ ኢዮስያስ፣ ናሆም፣ ኤልዳና የሚባል ሰው ዛሬ ወይ ሸብቷል ወይ ጥርሱ አልቋል። የወጣቶቹ ስም ድንቅነሽ፣ ጎበና፣ የሻረግ ነው። ጡረታ መውጫው ሰባ አምስት ዓመት ከሆነ ወዲህ ጋሽ ኢዮስያስ የሰፈሩን ጣሪያዎች እየወጣ የፀሐይ ሰሌዳዎችን አቧራ ይጠርጋል። ከስድስት ቀን በፊት አንዱ ሰሌዳ ተንሸራቶ ጠርዙ ቅልጥሙ ላይ አረፈ። ቁስሉ ጥልቅ ነበር፤ የአንድ መዳፍ ያህል ርዝመት ነበረው። የድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች መጥተው የደም ማቆሚያ ዱቄት ነሰነሱለት፣ በነጭ ፋሻ ጠቀለሉለት፣ ሌላ እንዳያበስል ምድጃውን አሸጉና መጋቢ ገጠሙለት። አለቀ። ከዚያ በኋላ እግሩን ያየለት ሰው የለም።

ሕጉ እንዲህ ነው። «ቁስል የሚድነው በአፍ ነው» ይላል መፈክሩ፤ በየአውቶቡሱ ጀርባ ተጽፏል። ነገሩ ከመሠረቱ ውሸት አይደለም። ቆዳ ከአየር አይሠራም። የበሉት እንቁላልና ምስር ነው ተመልሶ ሥጋ የሚሆነው፤ ብርቱካኑ ነው የሥጋውን ክር የሚያጠብቀው፤ ጉበቱ ነው የፈሰሰውን ደም የሚተካው። ይህን ማንኛዋም ባልቴት ድሮ ታውቀው ነበር። የጤና ቢሮ የሚባለው ነገር ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ ዘግይቶ ያወቀ ደግሞ ያበዛዋል። ከበላ ዳነ፣ ካልበላ አልዳነም ተባለና ቁስልን ማየት ራሱ ቀረ። ጎንበስ ብሎ ፋሻ የሚፈታ፣ አሽትቶ «ይኼስ አመርቅዟል» የሚል ባለሙያ ከሥራ መደብ ዝርዝር ውስጥ ተሰረዘ። በምትኩ ቁስለኛው በላሁ ያለው ተደምሮ፣ ቁስሉ ከመቶ ስንት እጅ እንደ ጠገገ በመጋቢው በር ላይ በአረንጓዴ ቁጥር ይታያል። በዚያ ጠዋት የጋሽ ኢዮስያስ ቁጥር ሠላሳ አንድ ነበር። ፋሻው ሥር ያለው እግር ግን ይህን አልሰማም።

ሞኝ ሰው እንዳይመስላችሁ። መጋቢው ዕቃ መሆኑን ያውቃል። ግን ሰው ያደገበትን ነገር ዕቃ ፊት ስለ ቆመ ብቻ እንደ ካፖርት አያወልቀውም። ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር ሰው ቤት ሲገቡ እናቱ ገና በሩ ላይ ጭኑን ቆንጠጥ ታደርገው ነበር። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ «ብላ ሲሉህ በልቻለሁ ትላለህ» ማለት ነው። ሁለተኛ ሲለምኑት ጠግቤያለሁ ይላል። ሦስተኛ ሲለምኑት እናቱን ያያል፤ እናቱ ቅንድቧን ዝቅ ታደርጋለች፤ ያኔ ይቀርባል። በመጀመሪያው ጥሪ እጁን የሚሰድ ሰው ሆዳም ነው፤ ከዚያ የባሰ ስድብ በሰፈራቸው አልነበረም። አድጎ ሚስት ሲያገባም ማራማዊት ይህን ጨዋታ አሳምራ ታውቅ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እንጀራው፣ ተለምኖና ተቆጥተውት ነው የበላው። ማራማዊት ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው።

ስለዚህ አሁን የሚኖረው ማራማዊት ከቁም ሣጥን በላይ ደብቃው በሄደችው የቆርቆሮ ጣሳ የገብስ ቆሎ ነው። ቆሎ ደግሞ ያቆያል እንጂ ቁስል አይሞላም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን የመጋቢው ቁጥር መቶ ሞላ። ትንሽ ጡሩንባ ተነፋ።

«እንኳን ደስ አለዎት! ቁስልዎ ተዘግቷል። ሰኞ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ይህ አገልግሎት በአምስት ቀን ውስጥ ይቋረጣል።»

ጋሽ ኢዮስያስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፋሻውን ፈታ። ጠርዙ ጠቁሯል፣ መሐሉ ቢጫ መግል ይዟል፣ ሽታው ፊቱን እንዲያዞር አደረገው። ፈራ። እግሬ ሊሄድ ነው ብሎ በቁሙ ፈራ። መሰላል የሚወጣ ሰው እግሩን ካጣ ምን ይቀረዋል? ፋሻውን መልሶ ጠቀለለና እያነከሰ ወደ ሰፈሩ የማገገሚያ ጣቢያ ወረደ።

ጣቢያው ውስጥ አንዲት ወጣት ሲስተር ብቻ ነበረች። ስሟ ድንቅነሽ ይባላል። ንጹሕ ልጅ ነች፤ ሦስት ዓመት ስትሠራ አንድም ቁስል አላየችም።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ድነዋል» አለች መዝገቡን እያየች። «እዚህ ላይ መቶ ነው የሚለው።»

«እዚያ ላይ ድኜ ይሆናል ልጄ። እግሬ ግን እዚህ ነው ያለው» አለና ሱሪውን ሰብሰብ አደረገ።

«አይ! አይ! አያሳዩኝ!» ዓይኗን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ቁስል ማየት አይፈቀድልኝም። አይቼ የተሳሳተ ነገር ከመሰለኝ መዝገቡን እጠራጠራለሁ።»

«ሽታውስ ይፈቀድልሻል?»

ድንቅነሽ ጣቶቿን ከዓይኗ ሳታነሳ አየር ሳበች። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። ያየችው ነገር ፊቷን አመድ አስመሰለው። ወደ መዝገቡ ተመልሳ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ጋሼ፣ ጉበቱን በልተዋል?»

«ቀርቦልኝ ነበር።»

«በልተዋል ወይ ነው የምልዎት። እዚህ አምሳ አራት ጊዜ ‹በልቻለሁ› ብለዋል።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ በልተዋላ!»

«ልጄ» አለ ጋሽ ኢዮስያስ፣ ነገሩን ለባዕድ እንደሚያስረዳ ሰው ተረጋግቶ፣ «በልቻለሁ ማለት እኮ በልቻለሁ ማለት አይደለም።»

«ምን ማለት ነው ታዲያ?»

«እስቲ ለምኑኝ ማለት ነው።»

ድንቅነሽ አፏን ከፍታ አየችው። እሷ ያደገችው ዕቃ እያበላት ነው። «እኔ ስበላ በልቻለሁ እላለሁ፤ ሳልበላ አልበላሁም እላለሁ» አለች።

«አሳዳጊ የበ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ልጅቷ አዝና ነው የምታየው፤ በዚህ ሁኔታዋ ላይ ስድብ መጨመር ነውር ነው።

መፍትሔው ቅጽ ነበር። ድንቅነሽ ከመሳቢያ አወጣችው። ቁስሉ በመዝገብ እንደገና እንዲከፈት ጋሽ ኢዮስያስ «ሳልበላ በልቻለሁ ብዬ መዋሸቴን አምናለሁ» በሚለው ላይ መፈረም አለበት። ጋሽ ኢዮስያስ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ በጥንቃቄ አጥፎ መለሰላት።

«በስተርጅና ውሸታም ነኝ ብዬ አልፈርምም።»

«ጋሼ፣ እግርዎ ነው እኮ!»

«ስሜም ስሜ ነው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ጋሽ ኢዮስያስ ግን በሽታውን አልደበቀም፤ የደበቀው ረሃቡን ነው። ለእሱ ደግሞ ተረት አልተተረተም።

ድንቅነሽ ያን ቀን ከሥራ ስትወጣ ለበላይ ቢሮ አቤቱታ ጻፈች። በሚገርም ፍጥነት በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ቢሮው አምስት ሊቃውንትን ሰብስቦ ነበር። ሊቃውንቱ «በልቻለሁ» የኃላፊ ጊዜ ግሥ መሆኑን በሙሉ ድምፅ አጸደቁ፤ ሆኖም ለአረጋውያን ሲባል መጋቢዎቹ ሁሉ ሦስት ጊዜ እንዲለምኑ ተወሰነ። የሚለምኑበትም ቃል ተመረጠ።

ጋሽ ኢዮስያስ ይህን አልሰማም። በዚያ ቀን ምሳ ሰዓት የመጋቢው በር እንደተለመደው ተከፈተ፤ ትሪው ላይ ዶሮ ነበር።

«ምሳ ቀርቧል። ይመገባሉ ወይስ በልተዋል?»

«በልቻለሁ።»

«ኧረ ትንሽ ይቅመሱ» አለ መጋቢው።

ጋሽ ኢዮስያስ ጆሮውን አላመነም። ተደግፎት የነበረውን ወንበር አጥብቆ ያዘ። «ኧረ ተው፣ ጠግቤያለሁ» አለ፤ ድምፁን ግን ቀነስ አደረገ።

«እባክዎን። በአገልግሎት ዘመኔ ማብቂያ ይሁንብዎ!»

ሊቃውንቱ የመረጡት ቃል «በሞቴ» ነበር። ነገር ግን ዕቃ ስለ ሞቱ እንዳይናገር የሚከለክል ደንብ ስላለ ቃሉ መንገድ ላይ ታርሟል። «አፈር ስሆን» የሚለውም «ወደ መልሶ መጠቀሚያ ስገባ» ተብሏል። ጋሽ ኢዮስያስ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። እየሳቀም «አይ፣ በእውነት በቅቶኛል» አለና ለሦስተኛው ልመና ተዘጋጀ። እጁንም በሱሪው ጠረገ።

«እንደ በሉ ተመዝግቧል። መልካም ማገገም።»

ሊቃውንቱ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደ ልመና ቆጥረውታል። በእናቱ አቆጣጠር ግን ጥሪ ጥሪ ነው፤ ልመና የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው። አምስት ሊቅ ተሰብስቦ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ትሪው ከነዶሮው እየተንኳኳ ወረደ።

በማግሥቱ ጋሽ ኢዮስያስ ትኩሳት ያዘውና ከአልጋ መውረድ አቃተው። ከቀትር በፊት በሩ ተንኳኳ። ድንቅነሽ ነበረች።

«የተዘጋ ቁስል መጎብኘት አይፈቀድልኝም» አለች ገና ከደጅ። «የመጣሁት እንግዳ ሆኜ ነው። ምሳዬን ይዣለሁ።»

ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠችና የምሳ ዕቃዋን ከፈተች። እንቁላል የተፈረፈረበት ምስር ወጥ ከእንጀራ ጋር ነበር።

«ጋሼ፣ ይበላሉ?»

«በልቻለሁ።»

«እሺ» አለችና መብላት ጀመረች።

ጋሽ ኢዮስያስ ጣራ ጣራውን ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ። «አንቺ ልጅ! እንዲህ አይደለም! እንዲህ ነው እንዴ እንግዳ... እንዲህ ነው እንዴ ሰው የሚጋበዘው?»

«ታዲያ ያስተምሩኝ» አለች ድንቅነሽ ጉርሻዋን ውጣ። ለዚህ ነበር የመጣችው።

«አንደኛ፣ እውነት አይምሰልሽ። ጠግቤያለሁ ስል አትመኚኝ። ደግመሽ ጠይቂኝ። ያኔም እንቢ እላለሁ፤ ግን ልብ ብለሽ ስሚ፣ ድምፄ ቀነስ ይላል። ቀነስ ሲል ትቆጪኛለሽ።»

«እቆጣለሁ? እርስዎን?»

«ትቆጪያለሽ እንጂ! ሳትቆጪ ምኑን ጋበዝሽው? ከዚያ በሞቴ ትያለሽ።»

«በማን ሞት?»

«በራስሽ ነዋ!»

ድንቅነሽ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። «ለአንድ እንቁላል ብዬ ልሞት?»

«አትሞቺም። ግን ልትሞቺ የደረስሽ ያህል እንድበላ ትፈልጊያለሽ። ይኼው ነው።»

ጀመሩ። መጀመሪያ ድምፅዋ እንደ መጋቢው ነበር፤ ሁለቱም ሳቁ። ሁለተኛው ላይ ጋሽ ኢዮስያስ «ኧረ በቅቶኛል» ሲላት ልጅቷ የተጠቀለለውን እግር አየች፤ ጉንጩ እንዴት እንደ ጎደጎደ አየች፤ አንድ ያልተማረችው ነገር ከሆዷ ተነሳ።

«ምኑ ነው የበቃዎት!» ብላ ጮኸች። «ምን በሉና ነው የበቃዎት! እግርዎ እየበሰበሰ ቁጭ ብለው ይሉኝታ! ይብሉ! በሞቴ ይብሉ!» የጠቀለለችውን ጉርሻ ወደ አፉ አቀረበች።

ጋሽ ኢዮስያስ አፉን ከፈተ። አላመጠ። እንባው በጉንጩ ወርዶ ከምስሩ ጋር ተቀላቀለ፤ አልጠረገውም። ማራማዊት ከሞተች ወዲህ ማንም ተቆጥቶት አያውቅም ነበር፤ ቁጣ እንደዚህ እንደሚናፍቅ እስከዚያ ቀን አላወቀም። ሁለተኛ ጎረሰ። ሦስተኛ ሊጎርስ ሲል ከወጥ ቤቱ ድምፅ መጣ።

«በቤቱ ውስጥ የሞት ዛቻ ተሰምቷል። ባሉበት ይቆዩ። እርዳታ ተጠርቷል።»

በአራት ደቂቃ ውስጥ ሁለት የድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች በሩን ገንጥለው ገቡ። ፊት ለፊት የመጣው ጎበና የሚባል ደንዳና ወጣት ነው።

«የሚሞተው ማነው?» አለ እያለከለከ።

«ማንም» አለች ድንቅነሽ፣ ምስር የነካ እጇን ወደ ላይ አንስታ።

ጎበና አላመናትም። በዚያች ከተማ የሰውን አካል ገልጦ ማየት የሚፈቀድላቸው የድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችና የሆስፒታል ቀዶ ጠጋኞች ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ከእነሱ በቀር ማየትን የሚያውቅ የለም። ቤቱን ቃኘ፣ አየር ሳበ፣ በቀጥታ ወደ ብርድ ልብሱ ሄዶ ገለጠው።

«ይኼ ቁስል ስንት ቀኑ ነው?»

«ድኗል ይላሉ» አለ ጋሽ ኢዮስያስ።

በቃሬዛ አወጡት። ድንቅነሽ ደግሞ በዛቻ ወንጀል ጉዳይዋ እስኪጣራ ከሥራ ታገደች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ዶክተር የሻረግ የምትባል ቀዶ ጠጋኝ የሞተውን ሥጋ አንስታ ቁስሉን አጠበችለት። ቁመቷ ረጅም፣ አነጋገሯ ደረቅ ነው።

«የእኔ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል» አለችው ጓንቷን እያወለቀች። «ከእንግዲህ ሥራው የጉሮሮዎ ነው። ጭቃ ሳይቀርብ ግድግዳ አይመረግም፤ እንቁላሉ፣ ምስሩ፣ ፍራፍሬው ካልገባ ሰውነትዎ በምን ይሙላው? በአሥር ቀን ውስጥ ቀይ ሥጋ ካላየሁ ግን...» ከጉልበቱ ዝቅ ብላ በሰማያዊ እስክሪብቶ ዙሪያውን መስመር አሰመረችበት። «ከዚህ ላይ ነው የምቆርጠው።»

«እዚህም መጋቢ አለ?»

«በየክፍሉ። ታሪክዎን ሰምቻለሁ ጋሼ። የሚፈለግብዎ አንድ ቃል ነው። አልበላሁም ይበሉ።»

«አንቺ ራስሽ ብታዥልኝስ?»

«መቁረጥ ይፈቀድልኛል» አለች ዶክተር የሻረግ። «ማብላት አይፈቀድልኝም። ሰው ያለ ፈቃዱ አይመገብም። አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ይላሉ?»

«እላለሁ» አለ ጋሽ ኢዮስያስ። እሱንም ያለው እሷን ላለማሳፈር ነበር።

የገባበት ክፍል ዘጠኝ ይባላል። አሥራ አራት አልጋ አለው፤ አሥራ አራቱም ላይ የእሱ ዘመን ሰዎች ተኝተዋል። የጀርባ ቁስል፣ የስኳር ቁስል፣ የወጥ ድስት ያቃጠለው ክንድ። ሁሉም በመዝገብ ላይ ከዳኑ ቆይተዋል። መጋቢው ጣራው ላይ በተዘረጋ ሐዲድ እየተንሸራተተ በየአልጋው ራስጌ ይቆማል።

በመጀመሪያው ማታ ጋሽ ኢዮስያስ አፉን ከፍቶ «አል...» ሲል አሥራ ሦስት ሰው ጸጥ ብሎ እያዳመጠው መሆኑን አወቀ። «በልቻለሁ» ብሎ ጨረሰው። በማግሥቱ ቁርስ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ሞከረ፤ ምላሱ አልታዘዘም። ምሳ ላይ ስለ እግሩ አሰበ፣ ስለ መሰላሉ አሰበ፣ እናቱ ጭኑን ስትቆነጥጠው ተሰማው፤ «ይባረክ፣ በልቻለሁ» አለ። ሰማያዊውን መስመር በጣቱ እየነካ በራሱ ተናደደ። ለአንድ ቃል እግር ይሰጣል? ይሰጣል መሰለኝ አለ ለራሱ፣ ምርር ብሎ።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ መጋቢው ከእሱ በፊት ጎረቤቱ ራስጌ ላይ ቆመ። ጎረቤቱ እትዬ ኤልዳና ነች፤ የቀድሞ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ፣ ሰባ ዓመቷ፣ ጀርባዋ የቆሰለ፣ ፀጉሯ ሁልጊዜ የተበጠረ። ትሪው ላይ ዓሣ፣ ክክ ወጥና ፓፓያ ነበር።

«ይመገባሉ ወይስ በልተዋል?»

«በልቻለሁ፣ ይባረክ» አለች እትዬ ኤልዳና፣ በዚያች በተቆጠበች ድምፅ። ሁለቱን ልመናዎችም በጨዋ ደንብ መለሰቻቸው።

ጋሽ ኢዮስያስ ጉሮሮዋን አየ። ባዶ ምራቅ ስትውጥ አየ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ስትቀምስ አላያትም። ለራሱ ፈልጎ ያጣው ቁጣ ለእሷ ሲሆን ከየት እንደ መጣ ሳያውቀው ግንፍል አለ።

«አልበሉም!» ብሎ ጮኸ።

መጋቢው ትሪውን ሊመልስ ሲል ቆመ። «ይቅርታ፣ የተናገረው ማነው?»

«ጎረቤታቸው! እሳቸው አልበሉም! ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ነገር በአፋቸው አልዞረም፣ በዓይኔ አይቻለሁ!»

በመጋቢው ደንብ ውስጥ ማንም ተጠቅሞበት የማያውቅ አንድ አንቀጽ ነበረ፤ መብላት አለመብላቱን መናገር ለተሳነው ቁስለኛ የጎረቤት ምስክርነት በቂ ነው ይላል።

«የምስክር ቃል ተቀብያለሁ» አለና ትሪውን እትዬ ኤልዳና ጭን ላይ አስቀመጠው።

የእትዬ ኤልዳና ፊት ቀላ። ትሪውን አየች፣ ክፍሉን አየች፣ በመጨረሻ ወደ ጋሽ ኢዮስያስ ዞረች። «እኔን ነው በሰው ፊት? እርስዎስ?» አለችና ወደ መጋቢው ዞረች። «እሳቸውስ መች በሉ! ቁርሱን መልሰውታል! የትናንቱንም ራት መልሰውታል! ይጻፍልኝ!»

«የምስክር ቃል ተቀብያለሁ።» ሁለተኛ ትሪ ወረደ።

ከጥጉ አልጋ አንድ ቀጭን ድምፅ ተነሳ። «ጋሽ ናሆምም አልበሉም! አንሶላ ሲያኝኩ ነው ያደሩት!»

«አንቺ ራስሽ በልተሻል?» አለ ጋሽ ናሆም ከአንሶላው ውስጥ። «እሷም አልበላችም! ከበዓል ወዲህ አልበላችም!»

ከዚያ ወዲያ ማን ማንን እንደሚከስ መለየት አልተቻለም። አንዱ ያንዱን ጉድ እያወጣ ክፍሉ እንደ ገበያ ሆነ፤ መጋቢው በሐዲዱ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተሯሯጠ «ተቀብያለሁ፣ ተቀብያለሁ» ይላል። ዶክተር የሻረግ ጠብ መስሏት በሩን ከፍታ ስትገባ ጩኸቱ አልቆ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ቀርቶ ነበር። በዚያ ቀን ክፍል ዘጠኝ ውስጥ አሥራ አራት ሰው፣ ስለ ራሱ አንድ ቃል ሳይናገር፣ ምሳውን በላ። ከዚያ ቀን ጀምሮም በየምግቡ ሰዓት እንደዚሁ ሲካሰሱ ሰነበቱ።

በአሥረኛው ቀን ዶክተር የሻረግ ፋሻውን ፈታች። ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ጥቁሩ ጠርዝ የለም፤ ከቁስሉ ወለል ላይ ጥሩ ቀይ ሥጋ ጥቅጥቅ ብሎ ወጥቷል። ጥጥ በአልኮል ነክራ ሰማያዊውን መስመር ከእግሩ ላይ ጠረገችው።

«ደግ አደረጉ» አለች። «ከባድ አልነበረም አይደል? በመጨረሻ አንዷን ቃል አሏት።»

«እኔ?» አለ ጋሽ ኢዮስያስ፣ ትራሱ ላይ ቀና ብሎ ወደ እትዬ ኤልዳና በጣቱ እያመለከተ። «እኔ ምንም አላልኩም። ስሜን ያጠፉት እሳቸው ናቸው።»